ታጥባ ከቆመች በኋላ ፍሬኗ ስለሚይዝ መኪና፦ ከባሕር ዳር ሹፌሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት በገባ ቁጥር ይኼው ጥያቄ ይመጣል። ቅዳሜ ማታ ላቫጆ ገብታ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጠቁሮ፣ አምራ የወጣች መኪና ሰኞ ጠዋት ግቢ ውስጥ ድርቅ ትላለች። ሞተሩ ይነሳል። ማርሹ ይገባል። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው «ነዳጅ ስጣት!» ይላል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም፣ ባጃጅ የሚነዱ ልጆችም ደጋግመው የጠየቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

መኪናዬን አሳጥቤ አቆምኳት፤ ጠዋት አልንቀሳቀስ አለች። ምን ሆና ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የፍሬኑ ሸራ ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ነው። ከጎማው ጋር እየዞሩ ሸራው ሲጫናቸው መኪናዋን የሚያቆሙት ዲስክም ታምቡርም የሚሠሩት ከብረት ነው፤ ያውም ቀለም ከማይቀባ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ራቁቱን ከሆነ ብረት። ቀለም ቢቀባማ ፍሬን አይዝም ነበር። ውኃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ወዲያው መዛግ ይጀምራል።

የእጅ ፍሬን ስትስቡ ሸራው ከብረቱ ጋር ተጫጭኖ ያድራል። ሌላው የብረት ክፍል ነፋስ ያገኘዋል፣ ይደርቃል። ሁለቱ የተጫኑበት ቦታ ግን ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያድራል። ብዙ ሸራዎች ውስጣቸው የብረት ብናኝ አለባቸው፤ እሱም አብሮ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ያብጣል፣ ክፍተቱን ይሞላል፣ ሁለቱን ያያይዛል። ጠዋት እጀታውን ብታወርዱትም ሸራው አይለቅም።

ማጠቡ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እርጥቡን ፍሬን ቆልፎ ማሳደር ነው።

በአንድ ሌሊት እንዲህ ይዝጋል እንዴ?

ላዩ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ማታ አሳጥባችሁ ጠዋት በቸርኬው ቀዳዳ ዲስኩን ተመልከቱ። ብርቱካናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እሱ አያስደነግጥም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ስትይዙ ይጠረጋል። ስትነሱ «ታክ» የሚል አንድ ድምፅ ብትሰሙ እንኳ ደህና ነው፤ ሸራው ሲላቀቅ ነው።

በአንድ ሌሊት የያዘ ፍሬን ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይለቃል። የሚያስቸግረው ሦስትና አራት ቀን፣ ከዚያም ሳምንት የቆመው ነው። የኋላ ታምቡር ደግሞ ከዲስክ ይብሳል። ድስት ከነክዳኑ በሉት፤ ውኃ ከገባበት ነፋስ ቶሎ አያገኘውም። ቪትዝ፣ ብዙዎቹ ያሪሶች፣ ሃይሉክስ፣ የቆዩ ሚኒባሶች ከኋላ ታምቡር ናቸው። እዚህ ከተማ ላይ «የኋላ ጎማዬ ያዘ» የሚለው አቤቱታ የበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

«የጣና ውኃ ነው ብረት የሚበላው» ይላሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ጣና ጨው የለውም፤ ጣፋጭ ውኃ ነው። መኪናን ክፉኛ የሚበላው የባሕር ጨውና በበረዶ አገሮች መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ከአውሮፓ ያገለገለች ሆና የመጣች መኪና ከሥሯ ዝገት ቢታይባት የባሕር ዳር ኃጢአት አይደለም፤ ይዛው የመጣችው ነው።

ክረምቱ ግን ድርሻ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አያቋርጥም፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ግቢው ሣር ነው። በየካቲት ፀሐይ በአንድ ሰዓት የሚደርቀው ፍሬን በነሐሴ ቀኑን ሙሉ ላይደርቅ ይችላል። ለካ ሳትታጠብም፣ በዝናብ ተነድታ ገብታ ብትቆም ያው ነው።

አሁን ተይዛለች። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አትቸኩሉ። የራሴን ልንገራችሁ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቪትዜን አሳጥቤ በቀጥታ ግቢ አስገባኋት። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ላወጣት ስል እንቢ አለች። ነዳጅ ጨመርኩ። ሄደች፤ ግን አካሄዷ ልክ አልነበረም። ወርጄ ሳይ የግራ የኋላ ጎማ ጭራሽ አልዞረም። ተጎትቶ እርጥቡ ኮብልስቶን ላይ የአንድ ክንድ ያህል ጥቁር መስመር አስምሯል። ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ያሳለፉ አባት፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ብቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ ተው! ነዳጅ አትስጣት። አወዛውዛት» አሉኝ። ወደ ኋላ ትንሽ፣ ወደ ፊት ትንሽ። በአራተኛው «ታክ» አለና ለቀቀ።

እንግዲህ እሳቸው ያስተማሩኝ ይህንን ነው።

የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መውረዱንና የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት መጥፋቱን እዩ። ከመኪናዋ ፊትና ኋላ ሰው፣ በተለይ ሕፃን እንዳይኖር አድርጉ፤ ስትለቅ ድንገት ነው የምትለቀው። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጨነቅ ሲጀምር መልሳችሁ ርገጡ። ቀጥሎ አንደኛ ማርሽ፣ እንዲያው በቀስታ። ይህን ከአምስት ስድስት ጊዜ በላይ አትደጋግሙ። አውቶማቲክ ከሆነች ከኋላ ማርሽ ወደ ዲ ስትቀይሩ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ትቁም፤ ነዳጅ የምትሰጡትም ለመንካት ያህል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቪትዝና ኮሮላ የሚጎትቱት በፊት ጎማ ነው። የኋላው ከተያዘ ሞተሩ በቀጥታ አያገኘውም፤ ጎማውን መሬት ለመሬት ይጎትተዋል እንጂ። ስለዚህ ነዳጅ ብትጨምሩ የምትበሉት ጎማችሁን ነው። ሃይሉክስና አብዛኞቹ ሚኒባሶች ግን በኋላ ጎማ ስለሚሄዱ የሞተሩ ጉልበት የተያዘው ታምቡር ላይ ያርፋል፤ በትንሽ ውዝወዛ ይለቃሉ።

በገመድ አስጎትቻት ብትለቅስ?

ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እኔ አልመክርም። ሌላ መኪና ሲጎትታት ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ጎማው በአንድ ቦታ ተፍቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። ወይ የፍሬኑ ሸራ ከተለጠፈበት ብረት ላይ ተገንጥሎ ይቀራል። ወይ ድንገት ትለቅና የፊተኛውን መኪና ትመታለች።

ሁለተኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አይታይም። መኪናዋ ለቃለች፣ ሰውየው ደስ ብሎት ወደ ሥራ ይሄዳል። ታምቡሩ ውስጥ ግን የተገነጠለ ሸራ እየተንከባለለ ነው። ከለቀቀች በኋላ ከአንድ ጎማ የሚንኳኳ ወይም ብረት ለብረት የሚፋተግ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይ ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ከሄደ፣ አትንዷት። መካኒኩን እዚያው ጥሩት።

ታምቡሩን በመዶሻ መምታት ይቻላል?

ውዝወዛው ካልሠራ አዎ፤ ግን በሥርዓቱ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትሁን። ማርሽ ውስጥ አድርጓት። በሌሎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። ክሪኩን ከማንሳታችሁ በፊት የጎማውን ቡሎኖች ትንሽ አላሏቸው። ጎማው ሲወልቅ እሱኑ ከመኪናዋ ሥር አጋድሙት፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ እሱ ላይ ታርፋለች። ከሥሯ ግን አትግቡ። ከዚያ በታምቡሩ ዙሪያ፣ እንጨት መካከል አድርጋችሁ፣ ኳ ኳ እያላችሁ ዙሩት። ሙሉ ጉልበት አያስፈልግም። የሚያላቅቀው ንዝረቱ ነው። ታምቡር በጡንቻ ከተመታ ይሰነጠቃል።

ዲስክ ከሆነ መዶሻውን አስቀምጡት። የዲስኩን ፊት መምታት ዲስኩንም ኩሽኔታውንም ያበላሻል። እዚያ ላይ መካኒክ ይግባ።

ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ወይም ዘይት ብነፋበትስ?

በፍጹም። ሸራው ዘይት ከጠጣ ፍሬን መሆኑ ያበቃል። መኪናዋ ትነሳ ይሆናል፤ ግን አትቆምም። ሙቅ ውኃ የሚያፈሱም አይቻለሁ። እሱ ደግሞ ያችኑ ውኃ መልሶ መጨመር ነው።

ከላቫጆ ስወጣ ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ከላቫጆ በቀጥታ ወደ ማቆሚያ አትሂዱ። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ንዷት። መንገዱ ነፃ ሲሆን፣ ከኋላችሁ ባጃጅ ተለጥፎ አለመከተሉን በስፖኪዮ አይታችሁ፣ በመጠነኛ ፍጥነት ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። ልቀቁ። እንደገና ያዙ። ስድስት ሰባት ጊዜ ይበቃል። ግጭቱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ውኃውን ያተነዋል።

የመጀመሪያውን ስትይዙ ፍሬኑ የደከመ ይመስላችኋል። ልክ ናችሁ፤ ሸራውና ብረቱ መካከል ውኃ አለ። ስለዚህ ከላቫጆው በር ወጥታችሁ የመጀመሪያው ዜብራ ላይ በሰዎች ፊት አትሞክሩት። ቀድማችሁ፣ ባዶ ቦታ ላይ።

ሰው «አሁን ከታጠበች ጭቃ ላስረግጣት ነው?» ይለኛል። አስፋልቱን ይዛችሁ ዙሩ። ወደ ዓባይ ድልድይ ደርሳችሁ ብትመለሱ ይበቃል። ሳሙናውና ነዳጁ ተደምሮ ከአንድ ታምቡር ሥራ አይወደድም። ከተቻለ ደግሞ ማታ ሳይሆን ጠዋት አሳጥቡ። ጠዋት የታጠበች መኪና ቀኑን ስትሠራ ትደርቃለች።

ጎርፍ የተኛበት መንገድ አቋርጣችሁ ከሆነም ያው ነው። ሐምሌ ላይ አንዳንድ መንገዶቻችን ለግማሽ ሰዓት ወንዝ ይሆናሉ። ከዚያ ስትወጡ ፍሬኑን እየነካችሁ አድርቁት።

የእጅ ፍሬን ካልያዝኩ መኪናዬ አትንሸራተትም?

እዚህ ላይ ከተማችን ትረዳናለች። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጣችሁ በስተቀር በከተማው ብዙ ቦታ መኪናን በማርሽና በታኮ ማሳደር ይቻላል። አንደኛ ወይም የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ፒ ላይ አድርጉ፣ በአንድ ጎማ ፊትና ኋላ ደህና ድንጋይ ወይም የእንጨት ታኮ ሸጉጡ። የእጅ ፍሬኑን ተዉት።

ዳገት ላይ ከሆነ ግን ፍሬን ሳይያዝ አይታደርም። የያዘ ፍሬን ይላቀቃል፤ የተንሸራተተች መኪና ሰው ትገጫለች። እዚያ አድርቃችሁ ያዙት፣ ታኮም ጨምሩ። ጠዋት ስትነሱ ደግሞ ታኮውን ማንሳት አትርሱ። «ፍሬን ያዘብኝ» ብሎ የጠራኝ ጓደኛ አለ። ደርሼ ሳይ የያዛት ድንጋዩ ነበር።

ከሩቅ መንገድ እንደገባሁ ላሳጥባት?

ትንሽ ትቀዝቅዝ። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣች መኪና ዲስኳ በጣም ሊግል ይችላል። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በፓምፕ ሲመጣበት ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። አንድ ቡና ጠጡ፣ ሠላሳ ደቂቃ ስጧት። ለልጆቹም «ፓምፑን ዲስኩና ጎሚኒዎቹ ላይ አስጠግታችሁ አትልቀቁ» በሏቸው። እየሰማ የሚያስተካክል ልጅ ብዙ ነው፤ የሚነግረው ሰው ነው የሌለው።

ለቀቀች፤ ግን አንዱ ጎማ ይግላል። ይተዋት ይሆን?

አይተዋትም። ይሄ ሌላ በሽታ ነው። ከመታጠብ የመጣ ዝገት አንዴ ከተላቀቀና ትንሽ ከተነዳ ያልፋል። ከተላቀቀ በኋላም እየያዘ የሚሄድ ፍሬን ከውስጥ የሆነ ነገር ደርቆበታል። ውኃው በሽታውን አጋልጦት እንጂ አላመጣውም።

እንዴት ትለያላችሁ? አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ፣ መጨረሻ ላይ ፍሬን ብዙ ሳትጠቀሙ ቁሙ። ውረዱና የእጃችሁን ጀርባ በየቸርኬው አቅራቢያ አድርጉ። አትንኩት፣ ያቃጥላል። የግራውንና የቀኙን አወዳድሩ። አንዱ እንደ ምጣድ ወላፈኑ ፊት የሚመታ ከሆነ እሱ ነው። የሚያር ሽታ፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን መጎተቷ፣ ማርሽ ሳይገባ ፎሌ ላይ ስትሆን ቶሎ መቆሟ፣ ከወትሮው ይልቅ ነዳጅ መጠጣቷም ምልክቶች ናቸው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ግሪሳቸው አልቆ ደርቀዋል። የካሊፐሩ ፒስተን ጎሚኒው ተቀዶ ውኃ ገብቶበት ዝጓል። የእጅ ፍሬኑን የሚስበው የብረት ገመድ፣ ካቮው፣ በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ አይመለስም። ወይም የፍሬኑ የጎማ ቱቦ ከውስጥ ተልጦ ዘይቱን ይልካል እንጂ አይመልስም። የመጨረሻው መካኒክንም ያሳስታል፤ ከላይ ሲታይ ቱቦው ደህና ነውና።

ካቮውን ራሳችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። የእጅ ፍሬኑ እጀታ ሲወርድ ልል ከሆነ፣ ኋላ ያለው ጎማ ግን ካልለቀቀ፣ ካቮው ተይዞ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጋራዥ ሄጄ የሁለቱንም ጎማ ሸራ፣ ሲሊንደሩን፣ ሞላውን ሁሉ ለውጠው ከፈልኩ። በሳምንቱ መልሶ ያዘ። ሌላ ቦታ ስወስዳት ካቮው ነበር። ያ ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

የፍሬን ዘይት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ከላቫጆ ውኃ አይገባበትም፤ ከአየሩ ግን በጊዜ ብዛት ይጠጣል። ያ ውኃ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝጋል። ከላይ ያልኩት «የሚግል ጎማ» አንዱ ምንጭ እሱ ነው።

ሌላም አደጋ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከጠጣ በኋላ መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። አሁን ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረዱን አስቡት። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እንደ ትራስ ይሆናል፣ መኪናዋም አትቆምም። በየሁለት ዓመቱ አስለውጡት። ቁልቁለቱንም በማርሽ ውረዱ። አዲስ አበባ ደርሶ ለመምጣት ለሚያስብ ሰው ይህን ሳልነግር አልሸኘውም።

ለጥምቀት ጎንደር ልሄድ ነው፤ መኪናዬ ለሳምንታት ትቆማለች። እንዴት ልተዋት?

ደረቅ አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን አውርዳችሁ፣ ማርሽና ታኮ አድርጋችሁ። ሣር ላይ አታቁሟት፤ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ከሥር ይመጣል። ሲሚንቶ ወይም ጠጠር ይሻላል። የምታምኑት ሰው ካለ በሳምንት አንዴ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳት። ቁልፍ ሲቀበል ግን መንዳት የሚችል ይሁን።

ስትመለሱ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ፍሬን ስትይዙ «ዱብ ዱብ» ሊል ይችላል። ሸራው ያረፈበት ቦታ ዲስኩ ላይ ማኅተም መስሎ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን መንዳት ይጠፋል። ካልጠፋ ዲስኩ ይታይ።

የኤሌክትሪክ መኪና ነው የገዛሁት። እኔም ልጠንቀቅ?

እንዲያውም እናንተ ናችሁ የምትጠነቀቁት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ እዚህም በዝተዋል። እነሱ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ ያቀዘቅዛቸዋል። ሸራው ዲስኩን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። በነዳጅ መኪና ላይ በየመብራቱ የሚጠረገው ዝገት እዚህ ተደላድሎ ይቀመጣል። የፎልክስዋገኑ አይዲ ፎር ከኋላ ታምቡር የተደረገለት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ፍሬኑ ብዙ ስለማይሠራ ከዝገት የተጠበቀ እንዲሆን።

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶ መንገድ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ። የኃይል መመለሻውን መቀነስ የሚቻል ከሆነ በዚያን ሰዓት ቀንሱት። የእጅ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ብዙዎቹ ፒ ስታስገቡ ራሳቸው ይይዛሉ። ፍሬኑ ሳይያዝ እንዴት እንደሚታደር መመሪያው ላይ እዩ። ከታጠቡ በኋላ ማድረቁ ለእነሱም ያው ነው። የተያዘን ኤሌክትሪክ መኪና ግን በጉልበት አታስጎትቱ፤ ጎማው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው።

ባጃጅስ?

ባጃጅ ሦስቱም ጎማ ታምቡር ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ስለምትሠራ ለመያዝ ጊዜ የላትም። የሚያስቸግራት ማታ ታጥባ ስታድር ነው። ልጆቹ የሚያደርጉት ጥሩ ዘዴ አለ፦ ካጠቧት በኋላ አንድ ሁለት ዙር ነድተው፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተው፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋሉ። እንዲሁ ቀጥሉ።

ሐይቁ ዳር ባጥባትስ? ውኃው ነፃ ነው።

እባካችሁ ተዉት። መኪናዋን ጎማዋ ድረስ ውኃ ውስጥ ስታስገቧት ታምቡሩ በደለል ጭምር ይሞላል። ውኃው ቢደርቅ እንኳ ደለሉ ይቀራል፣ ሸራውንም እንደ ሞረድ ይበላዋል። ይህ ለመኪናዋ ነው።

ለሐይቁ ደግሞ የባሰ ነው። ከመኪና ሥር የሚታጠበው ዘይት፣ ግሪስና የሸራ ብናኝ የሚሄደው ዓሣ የሚወጣበት፣ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች የሚጠጡት ውኃ ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌርነት መዝግቦታል። እንቦጭን ለመንቀል ስንት ሰው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል። እኛ በሌላ በኩል ሳሙናና ዘይት ብንጨምርበት ልብ ያማል። በየቀበሌው ላቫጆ አለ፤ እዚያ አሳጥቡ። ቤት ካጠባችሁም በባልዲ፣ ከባሕሩ ራቅ አድርጋችሁ።

መካኒኩን ምን ብዬ ልንገረው?

«ፍሬኑ ተበላሽቷል» አትበሉት። እንዲህ በሉት፦ የትኛው ጎማ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደቆመች፣ ከመቆሟ በፊት ታጥባ ወይም ዘንቦባት እንደነበር፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ እንደሆነ፣ ከለቀቀች በኋላ ጎማው የሚግል እንደሆነ። ይህን የሰማ ጥሩ መካኒክ ገና ሳይፈታት ግማሹን ያውቃል።

ታምቡሩ ሲከፈት አጠገቡ ቁሙ። አቧራውን በአፉ ወይም በአየር እንዳይነፋው ለምኑት፤ ለሳንባ ክፉ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው። የተለወጠ ዕቃ ካለ አሮጌውን ይስጣችሁ። ሸራው ከብረቱ መገንጠሉን፣ ካቮው በእጅ ሲሳብ መመለስ አለመመለሱን በዓይናችሁ እዩ። ገጥሞ ሲጨርስ መኪናዋ ገና ክሪክ ላይ እያለች ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን አንዴ ስቦ ይልቀቀውና እንደገና አዙሩት። እኩል ቀሎ ከዞረ ውሰዷት።